ከየጁ ሣጥን የወጣ፣ ፊቱ የጠፋ ብር

በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ገጠር ከአያት የተረፈ ሣጥን የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። ሣጥኑ ሲከፈት ከአሮጌ የመሬት ውል፣ ከግብር ደረሰኝ፣ ከድሪና ከአልቦ ሥር አንዳንዴ አንድ ክብ ብረት ይወጣል። ፊቱ ለስልሷል፣ ዳር ዳሩ ተበልቷል፣ ጽሑፉ ጠፍቷል፣ የነበረበት ምስልም ጥላው ብቻ ቀርቷል። «ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የቤቱ ሰው መልስ ብዙ ጊዜ ከሁለት አያልፍም፤ ወይ «የምኒልክ ነው»፣ ወይ «የአክሱም ነው»።

ሁለቱም መልሶች የሚሰጡት ብሩ ሳይመዘን ነው። ያረጀ ገንዘብን ለመለየት የሚነሣ ሰው ዓይኑን መጀመሪያ የሚጥለው በፊቱ ላይ ነው፤ ፊቱ ግን በእጅ፣ በኪስና በመቀነት ሲታሽ ቀድሞ የሚጠፋው ክፍል ነው። ክብደቱ በብዛት አይለወጥም። ጠርዙ ከፊቱ የተሻለ ጽሑፍ ሊያቆይ ይችላል። ቀዳዳ ካለው፣ ቀዳዳው የሚናገረው ነገር አለ። ከሁሉም በላይ የሚናገረው የት እንደተገኘና ማን እንዳስቀመጠው ነው፤ ያሳዝናል፣ ቀድሞ የሚረሳውም ይኸው ነው።

በየጁ ምድር ከቤት ሣጥን የወጣ ትልቅ ያረጀ ብር ሲያጋጥም የመጀመሪያው ግምት ማርትሬዛ መሆን አለበት። ሰዉ ጠገራ ብር የሚለው ነው። ማርያ ቴሬዛ የኦስትሪያ ገዥ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1780 ሞተች። ገንዘብ ቤቶቹ ግን እሷ ከሞተች በኋላም በዚያው ዓመት ቁጥርና በዚያው ምስል ብሩን መምታት አላቆሙም፤ ምክንያቱም በቀይ ባሕር ዙሪያ ያለው ነጋዴ ያመነው እሱን ብቻ ነበር። በየመን ለቡና፣ በምፅዋ ለወርቅ፣ ለዝሆን ጥርስና ለዝባድ የሚከፈለው ይኸው ብር ነበር። እሷ በሞተች በ4 ዓመት ገደማ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1784፣ የየጁው ራስ አሊ ጓንጉል የጎንደርን መንግሥት በእንደራሴነት ያዘ። የእሱ ወገን የሆነው የዋራ ሼህ ቤተሰብም በሰኔ 1845 ዓ.ም. ዳግማዊ ራስ አሊ በአይሻል በደጃዝማች ካሣ እስከተሸነፈ ድረስ ሥልጣኑን ከእጁ አልለቀቀም። የየጁ መሳፍንት ሀገር የመሩበት ዘመንና ማርትሬዛ በኢትዮጵያ ተራራ ሥር የሰደደበት ዘመን አብረው የሄዱ ናቸው። የየጁ ሣጥኖች ይህን ብር ለምን እንዳቀፉ ከዚህ በላይ ምክንያት ፍለጋ መራቅ አያስፈልግም።

እንግዲህ ሚዛኑ ይምጣ። ወልድያም ሆነ መርሳ ወርቅ ቤት ያለ ትንሽ የወርቅ ሚዛን ይበቃል። ያልተጎዳ ማርትሬዛ 28 ግራም ከጥቂት ይመዝናል፤ ከጫፍ ጫፍ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ100 እጅ 83 እጅ ያህሉ ንጹሕ ብር፣ ቀሪው በአብዛኛው መዳብ ነው። ሲያረጅ ግራም ወይም ሁለት ግራም ሊቀንስ ይችላል፣ ከዚያ ብዙ ከጎደለ ግን ጥርጣሬ መግባት አለበት። በጠርዙ ዙሪያ በላቲን ፊደል ፍትሕንና ርኅራኄን የሚያወሳ የንግሥቲቱ መፈክር ተጽፏል። ፊቱ ሙሉ በሙሉ በለሰለሰ ብር ላይ እንኳ ጣትን በጠርዙ ላይ ሲያዞሩ የፊደላቱ ጉብታ ሊሰማ ይችላል። ከደረቷ በታች ኤስና ኤፍ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ነበሩ፤ በጉንዝበርግ ገንዘብ ቤት ይሠሩ የነበሩ የሁለት ሹማምንት ስም መጀመሪያዎች ናቸው።

የድሮ ሰው ይህን ብር ዝም ብሎ አልተቀበለም። በትከሻዋ ላይ ያለውን የእንቁ ጌጥ ይቆጥር ነበር፣ በራሷ ላይ ያለውን የዘውድ ፈርጥ ይመረምር ነበር፣ ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ያዳምጥ ነበር። ነጥቡ የጎደለውን፣ የለሰለሰውን ወይም የተቀባውን ይመልሰዋል። መጻፍ የማያውቅ ባላገር ዛሬ የገንዘብ ተመራማሪ በማጉያ መነጽር የሚሠራውን ሥራ በዓይኑና በጆሮው ይሠራ ነበር ማለት ነው። ይህን ዕውቀት እንደ ተረት የሚቆጥሩት ሰዎች ያሳዝኑኛል፤ ለዘመኑ የተሟላ ምርመራ ነበር።

ነገር ግን «1780» የሚለው ቁጥር ስለ ብሩ ዕድሜ ምንም አይነግርም። ቪየና፣ ሚላኖ፣ ቬኒስና ፕራግ መተውታል። ከ1935 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ሮም፣ ከዚያም ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይ ተከትለዋል። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወር ሲዘጋጅ ኦስትሪያ የብሩን መምቻ ቅርጽ እንድታስተላልፍለት አድርጎ በሮም ማምረት የጀመረው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በሊሬ ማንም ሰው እህል አይሸጥለትም፣ በቅሎም አያከራየውም ነበር። ከማይጨው በኋላ ወደ ደሴ የወረደው ጦር በዚህ በኩል አልፏል። ስለዚህ በሀብሩ አንድ ቤት የተቀመጠ ጠገራ ብር በቪየና ለየመን ቡና የተመታ ሊሆን ይችላል፣ በሮምም ለወረራ የተመታ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ፊት፣ አንድ ዓይነት ዓመት አላቸው። አዋቂዎች የሚለዩአቸው በንስሩ የጭራ ላባ አደራደር፣ በትከሻ ጌጡ ነጥቦችና በፊደላቱ ርቀት ነው። የለሰለሰ ብር ላይ ከእነዚህ መካከል ብዙ ጊዜ የሚተርፈው የጭራው ላባ ነው፣ ስለዚህ ጀርባውን ገልብጦ ወደ ታች መመልከት ይጠቅማል።

ከዚያ ቀደም ሌላ ጦርም በዚህ ብር መንገዱን ከፍሏል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ የናፒየር ጦር ከዙላ ተነሥቶ በሰንዓፈ፣ በአዲግራትና በአሸንጌ አድርጎ፣ የላስታንና የዋድላን ደጋ ቆርጦ ወደ መቅደላ ሲሄድ እህሉን፣ ድርቆሹንና የጭነቱን ኪራይ የከፈለው በማርትሬዛ ነበር፤ እንግሊዞች ለዚሁ ጉዳይ በሚሊዮን የሚቆጠር ብር አሰባስበዋል፣ ከፊሉንም በቪየና አስመትተዋል። የዛሬው የሰሜን ወሎ ምዕራባዊ ደጋ በአንድ ወቅት ያን ያህል ብር ተበትኖበታል። አንዱ ከደጋ ወደ የጁ በጋብቻ ጥሎሽ ሆኖ ወርዶ ቢሆን አይገርምም።

አሁን ወደ ውጫሌ ልሂድ፤ በመርሳ ደቡብ፣ ወደ ሐይቅና ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ናትና ለሀብሩ ጎረቤት ናት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያ ከኢጣልያ ጋር ስለተፈረመው ውል ሁሉም ሰው የሚያውቀው 17ኛውን አንቀጽ ነው። በመስከረም 1882 ዓ.ም. ኔፕልስ ላይ ራስ መኰንን ስለፈረሙት ተጨማሪ ስምምነት ግን ብዙ አይወራም። በዚያ ስምምነት ኢትዮጵያ በሐረር ጉምሩክ ዋስትና 4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር አገኘች። ከብድሩ ጋር ስለ ገንዘብም ተጻፈ፦ ምኒልክ የራሳቸውን ገንዘብ ማስመታት ይችላሉ፣ ክብደቱና ዋጋው ግን በስምምነት ይወሰናል፣ የሚመታውም በኢጣልያ ንጉሥ ገንዘብ ቤቶች ይሆናል። ከ17ኛው አንቀጽ ጋር አብሮ ሲነበብ ትርጉሙ ግልጽ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ጋር የሚነጋገሩት በሮም በኩል፣ ገንዘባቸውንም የሚያስመቱት በሮም እጅ እንዲሆን ታስቦ ነበር።

ምኒልክ ምን አደረጉ? በየካቲት 1885 ዓ.ም. በራሳቸው ስም ገንዘብ እንደሚወጣ አዋጅ አስነገሩ። በዚያው ወር የውጫሌን ውል እንደማይቀበሉት ለአውሮፓ መንግሥታት ጻፉ። ገንዘቡም የተመታው ሮም ሳይሆን ፓሪስ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ብሮች በግእዝ ቁጥር ፲፰፻፹፯ የሚል ዓመት ይዘው ወጡ፣ ዓድዋ ሊደርስ አንድ ዓመት ሲቀረው ማለት ነው። በእኔ አመለካከት የምኒልክ ብር መነበብ ያለበት እንደ ውጫሌ መልስ ነው። የውጫሌ ጎረቤት በሆነች ወረዳ ሣጥን ውስጥ ያን ብር ያገኘ ሰው በእጁ የያዘው የዚያን ክርክር ሌላኛውን ወገን ነው።

ታዲያ የለሰለሰ የምኒልክ ብር ከለሰለሰ ማርትሬዛ በምን ይለያል? ክብደቱና ስፋቱ አይረዱም፤ ሆን ተብሎ ከማርትሬዛ ጋር እንዲተካከል የተሠራ ነው፣ እሱም 28 ግራም ገደማ ነው። እዚህ ላይ ጠርዙ ይፈርዳል። ላቲን ከሆነ ማርትሬዛ፣ የግእዝ ፊደል ከሆነ የምኒልክ። ጠርዙም ከጠፋ ብሩን በመስኮት አጠገብ አስቀምጦ ብርሃኑ ከጎን እንዲመታው ማድረግ ነው። በአንዱ ጀርባ ላይ ሁለት ራስ ያለው ንስር ክንፉን ዘርግቶ መላውን ክብ ይሞላል፤ በሌላው ላይ አንበሳው አንድ እግሩን አንሥቶ ሰንደቅ ይዞ ይራመዳል፣ ከሆዱ በታች ባዶ ቦታ አለ። በፊት በኩል አንዷ ዓይነ ርግብ ደርባ ትከሻዋ ሰፊ ነው፤ ሌላው ዘውድ የደፋ ነው። ቀጭን ወረቀት ጥሎ በእርሳስ ጎን ቀስ አድርጎ ማሸትም ዓይን ያላየውን መስመር ያወጣል።

ገበያው ግን የምኒልክን ብር ወዲያው አልወደደውም። ባላገሩ ነጥቡን ቆጥሮ የለመደውን የንግሥቲቱን ፊት ትቶ አዲሱን ለመያዝ ብዙ ዘመን አመነታ፣ ማርትሬዛም እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ ከገበያ አልወጣም። ትንንሾቹ ይበልጥ ተቀባይነት አገኙ፦ አላድ፣ ሩብ፣ ታሙንና ግርሽ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከእነሱ በፊት ከአንድ ብር በታች መልስ የሚሰጠው አሞሌ ጨው፣ እህል ወይም ጥይት ነበር፤ አሞሌ ደግሞ ከአፋር በረሓ እየራቀ ሲሄድ ይወደዳል፣ ዝናብ ያገኘው እንደሆነ ይቀልጣል። በመዳፍ የምትጠፋ፣ 1.4 ግራም ገደማ የምትመዝን፣ ፊቷ የጠፋ የብር ቁራጭ ሣጥን ውስጥ ከተገኘች ግርሽ መሆኗን አስቀድሞ መጠርጠር ነው። 3.5 ግራም ያህል ከመዘነች ታሙን ናት።

በሣጥኑ ውስጥ «የጥንት» ተብለው ከሚቀመጡት መካከል የማይሆኑም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1918 ኢጣልያ ማርትሬዛን ለመተካት ብላ ለኤርትራ ያስመታችው ታሌሮ የሴት ምስል አለው፣ መጠኑም ይቀራረባል፣ ግን ሰዉ አልተቀበለውም። ጥቁር የመዳብ ሳንቲም ከሆነና በግእዝ ቁጥር ፲፱፻፴፮ የሚል ከቀረበት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነው። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የአዲሱ ገንዘብ ሳንቲም ሲሆን፣ ያው ዓመት ሳይለወጥ ለረጅም ዘመን ተመትቷል። የ25 ሳንቲሙ ነገር ደስ ይለኛል። መጀመሪያ ክብ ነበር፤ ሰዎች ብር እየቀቡት በ50 ሳንቲም ዋጋ ማሳለፍ ሲጀምሩ መንግሥት ጠርዙን እንደ አበባ ቅጠል እያስቆረጠ አወጣው። ስለዚህ ጠርዙ ያልተቆረጠ 25 ሳንቲም ያገኘ ሰው ከማጭበርበሩ በፊት የነበረውን ይዟል።

ወደ ጥንቱ እንምጣ። በእርግጥ የአክሱም ገንዘብ ሊሆን ይችላል ወይ ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ መጠኑ ነው። ትልቅ ከሆነ አይደለም። የአክሱም ነገሥታት ከእንዱቢስ ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ270 ገደማ አንሥቶ እስከ 7ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ገንዘብ መትተዋል፤ አብዛኞቹ ከ2 ሴንቲ ሜትር ያነሱ ናቸው። የእንዱቢስ ወርቅ 2.7 ግራም ገደማ ነበር፤ ሮም በቆስጠንጢኖስ ጊዜ የወርቅ ገንዘቧን መጠን ስትቀይር የአክሱምም ወርቅ ወደ 1.6 ግራም ግድም ወረደ። በወርቁ ላይ የንጉሡን ራስ ከግራና ቀኝ ሁለት የእህል ዛላዎች ያቅፉታል። እስከ ኢዛና መጠመቅ ድረስ ከላይ የጨረቃና የክብ ምልክት ነበር፤ ከዚያ በኋላ መስቀል ገባ። መስቀልን በገንዘባቸው ላይ በግልጽ ካኖሩ የዓለም ነገሥታት መካከል ኢዛና ከቀዳሚዎቹ ነው። ጽሑፉ ለባሕር ማዶ ነጋዴ በሚሆነው ወርቅ ላይ በአብዛኛው ግሪክኛ ሲሆን፣ ዋዜባ ግን ቀድሞ በግእዝ አስጽፏል።

ለለሰለሰ የመዳብ ቁራጭ ደግሞ አንድ ምልክት አለ፣ ሌላ ቦታ የማይገኝ። የአክሱም ገንዘብ ሠሪዎች በብርና በመዳብ ገንዘብ ላይ፣ ከንጉሡ ራስ ኋላ ወይም በመስቀሉ መካከል፣ ጥቂት ወርቅ ይለብጡ ነበር። በጥንቱ ዓለም ይህን ያደረገ ሌላ መንግሥት አይታወቅም። ሁለቱም ፊት ጠፍቶ፣ አረንጓዴ ዝገት ለብሶ፣ መካከሉ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታክል ወርቃማ ነጥብ የቀረችበት ትንሽ መዳብ ካጋጠመ የአክሱም መሆኑን ያቺ ነጥብ ትመሰክራለች። ንጉሡ ሙሉ ሰውነቱ በዙፋን ተቀምጦ ከታየ ደግሞ አርማሕ ነው፤ ገንዘብ ካስመቱት የአክሱም ነገሥታት የመጨረሻው እሱ ነው ተብሎ ይታመናል። ከአክሱም የመዳብ ገንዘቦች በአንዳንዶቹ ላይ ይህ ሀገሩን ደስ ያሰኝ ዘንድ የሚመኝ ጽሑፍ በግሪክኛ አለ። ንጉሥ በገበያ ሳንቲም ለሕዝቡ እንዲህ ብሎ መናገሩን ሳስበው እደነቃለሁ። ከአክሱም በኋላ ሐረር የራሷን መሐለቅ ከመምታቷ በቀር ደጋው ከ1,000 ዓመት በላይ ያለ ገንዘብ ቤት ኖሯል፤ ስለዚህ በሣጥኑ ውስጥ የላሊበላ ወይም የዘርዓ ያዕቆብ ገንዘብ መፈለግ አያስፈልግም።

የአክሱምን ገንዘብ የሚጎዳው ትልቁ ጠላት ጽዳት ነው። ሎሚ፣ አሸዋ፣ አመድ፣ የብረት ብሩሽ ያንን የወርቅ ነጥብ በአንድ ደቂቃ ያጠፋዋል። አረንጓዴው ቅርፊት ቆሻሻ ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ ጽሑፉ የተቀመጠው በእሱ ውስጥ ነው፤ ሊነካው የሚገባው በሙዚየም ያለ የጥበቃ ባለሙያ ነው። ሌላው ጠላት እሳት ነው። በወሎ የሚታየው ድሪ፣ አልቦና የአንገት መስቀል ከየት መጣ ተብሎ ቢጠየቅ፣ የብዙው ብር የቀለጠ ማርትሬዛ ነው። አንጥረኞቹ በዚያ እጅግ ያማረ ሥራ ሠርተዋል፣ አልወቅሳቸውም። ነገር ግን ዛሬ አንድን ያልተመረመረ ብር ለአንጥረኛ መስጠት ያልተነበበ ደብዳቤ ማቃጠል ነው።

ቀዳዳና ጆሮ ያለውንም «ተበላሽቷል» ብሎ መጣል አይገባም። በኤርትራ መጠራ ላይ ፍራንሲስ አንፍሬ በቆፈረው ቦታ በነሐስ ዕቃ ውስጥ ከወርቅ ሐብልና ከመስቀል ጋር 14 የሮማ የወርቅ ገንዘቦች ተገኝተዋል፤ በአንገት የሚንጠለጠሉ ጌጦች ሆነው ነበር። በዚያ ዘመን ያለች ሴት በሮማ ቄሣር ፊት ያጌጠችበት ልማድና የወሎ ሙሽራ በኦስትሪያ ንግሥት ፊት ያጌጠችበት ልማድ አንድ ነው። ጆሮው የተበየደበት ብር ለማን ጥሎሽ፣ በየትኛው ሠርግ እንደተሰጠ የሚያስታውስ አያት ወይም አክስት ካለ ያ ትዝታ ከንስሩ ላባ ባልተናነሰ መጻፍ አለበት።

የተገኘበት ቦታ ምን ያህል እንደሚናገር ሁለት ምሳሌ ልጨምር። አንቶኒዮ ሞርዲኒ በደብረ ዳሞ እ.ኤ.አ. በ1940 ከ100 በላይ የኩሻን የወርቅ ገንዘቦች መገኘታቸውን ዘግቧል። ኩሻን ዛሬ አፍጋኒስታን፣ ፓኪስታንና ሰሜን ሕንድ በሚባለው ምድር የነበረ መንግሥት ነው። እነዚያ ወርቆች አንድ በአንድ በአውሮፓ ገበያ ቢሸጡ ተራ የኩሻን ገንዘብ ነበሩ፤ በደብረ ዳሞ ገደል ላይ መገኘታቸው ግን የአክሱምንና የሕንድን ንግድ አብሮ ያነሣል። በየመን አል መዳሪባ በአንድ ቦታ ከተቀበሩ የሮማ ወርቆች ጋር ከ300 በላይ የአክሱም ወርቅ ሲገኝ ደግሞ፣ ሁለቱ ገንዘቦች በአንድ ኪስ ይያዙ እንደነበር ታየ። ከየመኑ ክምችት አንድ ወርቅ ተነጥሎ ቢታይ ይህን ሊናገር አይችልም።

በሀብሩ ማሳ ሲታረስ፣ በወልድያ መሠረት ሲቆፈር ወይም መንገድ ሲሠራ የሚወጣ ጥንታዊ ገንዘብ በሕግ ፊት ከሣጥን ብር ይለያል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ሳይነካካ እንዲጠብቀው ያዛል። ሳይፈቀድ ከሀገር ማውጣትም ክልክል ነው። የቤት ውርስ የሆነው ብር የባለቤቱ ነው፤ ተመዝግቦ በቤቱ ሊኖር ይችላል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሙዚየም ሲዘረፍ፣ ፎቶግራፍና ዝርዝር የተያዘለትንና ያልተያዘለትን ዕቃ ፈልጎ ለመመለስ ያለው ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ ወሎ በራሱ ላይ አይቷል። በዚያ ጊዜ ከሰሜን ወሎ ቤቶች የጠፋው የእናቶች ጌጥ ግን ዝርዝር የለውም።

ስለዚህ ዛሬ ሣጥኑ ሲከፈት ብሩን ሳያጥቡ መመዘን፣ በማስመሪያ አጠገብ ሁለቱንም ፊትና ጠርዙን በጎን ብርሃን ፎቶ ማንሣት፣ ከወረቀት ጋር በአንድ ፖስታ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። በወረቀቱ ላይ ክብደቱ፣ ስፋቱ፣ የወጣበት ቀበሌና ጎጥ፣ የሰጠው ሰው ከባለቤቱ ጋር ያለው ዝምድና፣ እሱም ከማን እንዳገኘው ይጻፍ። ከመሬት የወጣ ከሆነ ስንት ክንድ ጥልቀት ላይ እንደነበረና አብሮት ገል፣ አጥንት ወይም ከሰል እንደነበር ይጨመር። ከዚያ የሀብሩ ሰው ፖስታውን ይዞ የሚሄደው መርሳ፣ ወደ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ነው።